ሐሳብ መስሎ የሚመጣ ልማድ

በ1989 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች 137 ተማሪዎችን መጠይቅ አስሞሉ። የሚጠይቀው ስለ ተራ ነገር ነው፦ ሲከፋችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ብቻችሁን ተቀምጣችሁ «ምን ነካኝ?» ትላላችሁ? ወይስ ወጣ ብላችሁ ሰው ታገኛላችሁ፣ ሥራ ትይዛላችሁ? ይህ በሆነ በ14ኛው ቀን፣ ኦክቶበር 17፣ በመጠኑ 6.9 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ የሳን ፍራንሲስኮን አካባቢ መታ። 63 ሰው ሞተ። በኦክላንድ ከተማ ባለ ሁለት ደርብ የነበረው አውራ ጎዳና ተደርምሶ ከሥር የነበሩትን መኪኖች ከነሰዎቻቸው ተጫናቸው።

አደጋን ቀጠሮ ሰጥቶ የሚያስመጣ ተመራማሪ የለም። ጥናቱን የምትመራው ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ ግን አደጋው ሲደርስ ከአደጋው በፊት የተሞላ ወረቀት በእጇ ነበር። ከአደጋው በኋላ በ10ኛው ቀንና በ7ኛው ሳምንት ተማሪዎቹን እንደገና ጠየቀቻቸው። በ10ኛው ቀን ብሶባቸው የተገኙት በመንቀጥቀጡ ጊዜ ከባድ ነገር የገጠማቸውና፣ ቀድሞም ሲከፋቸው ማብሰልሰል የሚቀናቸው ነበሩ። በ7ኛው ሳምንትም እነዚያው ቀድሞ ማብሰልሰል ይቀናቸው የነበሩት ከሌሎቹ ይልቅ ተጎድተው ተገኙ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ አደጋው ሲያወጡና ሲያወርዱ የከረሙትም እንደዚሁ። ከአደጋው በፊት የነበራቸው የስሜት ሁኔታ ተቀንሶ ቢሰላም ልዩነቱ አልጠፋም።

ኖለን-ሆክሴማ በ2013 በ53 ዓመቷ እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ያጠናችው በአመዛኙ ይህንኑ ነው። ማብሰልሰል ስትል ትርጉሙ ጠበብ ያለ ነው፦ ሰው የከፋውን ነገር፣ ለምን እንደከፋው፣ ምን እንደሚያስከትልበት ደጋግሞ እያነሳ ሲጥል፣ አንድ እርምጃ ግን ሳይራመድ ሲቀር። ቂም ሆነ ራስን መውቀስ፣ ብስጭት ሆነ የነገ ስጋት፣ እየተመላለሰ የሚያደክመን ስሜት ብዙውን ጊዜ ዕድሜውን የሚያረዝመው በዚህ መንገድ ነው። አለቃ የተናገረው ቃል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሁለት ዓመት የሚፈጀው ከዚያ በኋላ በጭንቅላታችን የምንናገረው ነው።

አንድ የሒሳብ ሠራተኛ እንውሰድ። ጠዋት በስብሰባ ላይ አለቃው ሪፖርቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ይሄ ነገር አልተሠራም» ብሎ መለሰለት። ቀኑን ሙሉ ሥራ ስለነበረው ብዙም አላሰበበትም። ማታ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ ታክሲ ውስጥ ገብቶ በመስኮቱ በኩል ሲቀመጥ ግን ነገሩ መጣ። «በሰው ፊት ለምን? ለምን ሁልጊዜ እኔን? እኔ ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው ሁሉም የሚንቀኝ?» አያት ሰፈር ሲደርስ ሪፖርቱ ተረስቷል። አሁን የሚያስበው የዛሬ 15 ዓመት አባቱ ከወንድሙ ጋር እያወዳደረ የተናገረውን ነው። እራት ቀርቦለት «አልራበኝም» አለ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ ለአለቃው የሚመልሰውን መልስ ለአሥረኛ ጊዜ ያሳምራል፤ ጠዋት ግን አይናገረውም።

ይህ ሰው ምን እያደረግህ ነው ቢባል «እያሰብኩ ነው» ይላል። አይዋሽም፤ የሚሰማው እንደዚያ ነው። ነገሩ አስቸጋሪ የሆነውም እዚህ ላይ ነው። በክረምት ጭቃ የያዘውን መኪና ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠው ቁጥር ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ ድካሙ እውነተኛ ነው፤ መኪናው ግን እዚያው እየጠለቀ ነው። ሶንያ ሊዩቦሚርስኪና ኖለን-ሆክሴማ በ1995 ባወጡት ጥናት ቅር ያላቸውን ተማሪዎች በሁለት ከፈሉ። አንዱ ክፍል ለ8 ደቂቃ ስለ ራሱና ስለ ስሜቱ እንዲያስብ፣ ሌላው ከራሱ ጋር በማይገናኝ ነገር ላይ ልቡን እንዲያደርግ ተነገረው። ከዚያ ሁለቱም ከሰው ጋር የሚያጋጩ ችግሮች ተሰጥቷቸው «ምን ብታደርጉ ይሻላል?» ተባሉ። ሲያብሰለስሉ የቆዩት ያመጡት መፍትሔ የደከመ ነበር። ለ8 ደቂቃ ልባቸውን ሌላ ቦታ ያቆዩት ግን ምንም ካልከፋቸው ተማሪዎች ጋር እኩል አሰቡ። ስለዚህ «ሳላስብበት እንዴት ይፈታል?» የሚለው ክርክር በራሱ መለኪያ ይወድቃል።

ታዲያ ለምን አንተወውም? አንደኛው ምክንያት ስለምናከብረው ነው። የሚያብሰለስል ሰው ለራሱ ኃላፊነት የሚሰማው፣ ነገር የሚገባው፣ ክብሩን የማያስደፍር ሰው ይመስለዋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ይህ እምነት ደጋፊ አያጣም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እየተባልን ነው ያደግነው፤ ቶሎ የሚረሳውን ሰው «ሞኝ» የሚለው ጎረቤት ብዙ ነው። አለማሰብ ለበዳዩ ምሕረት የማድረግ ያህል ስለሚቆጠር፣ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ራሱን የሚቀጣው በዳዩን እየቀጣ መስሎት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ብዙም አይታይም፦ ማብሰልሰል ከሚያስፈራ ተግባር ያስጥላል። የሒሳብ ሠራተኛው ጠዋት አለቃው ቢሮ ገብቶ «የትኛው ክፍል ነው ያልተሠራው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈራዋል። ማታ ማሰላሰሉ ያማል እንጂ አያስፈራም።

ዋናው ጉዳይ ግን ሦስተኛው ነው። በ2014 የእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኤድዋርድ ዋትኪንስ ከኖለን-ሆክሴማ ጋር የጻፈው ጽሑፍ (እሷ ካረፈች በኋላ ነው የወጣው) ማብሰልሰልን እንደ ሐሳብ ሳይሆን እንደ ልማድ እንድናየው ይጋብዛል። መጀመሪያ ላይ ምክንያት አለው፤ ሰው የፈለገው ነገር አልሆነለትም፣ ክፍተቱን እያየ ያስባል። ይህ ጤናማ ነው። ነገር ግን ያው ሰው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው የድካም ስሜት ውስጥ ሆኖ መቶ ጊዜ ካብሰለሰለ፣ ከጊዜ በኋላ ምክንያቱ አያስፈልግም። የታክሲው መስኮት ብቻውን ይበቃል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቡና ሲቀርብለት እጁ ወደ ኪሱ እንደሚሄድ፣ የዚህም ሰው ልብ ማታ 12 ሰዓት ላይ ወደ በደሉ ይሄዳል። በደል ካልተገኘም ከድሮው አንዱን ያነሳል።

ነገሩን እንዲህ ከተረዳነው ብዙ የተለመደ ምክር ጎዶሎ ሆኖ ይታያል። ልማድ በክርክር አይሸነፍም። አለቃው ክፉ ሰው እንዳልሆነ፣ ሪፖርቱም ያን ያህል እንዳልተበላሸ ቢያስረዱት የሒሳብ ሠራተኛው ይስማማል፤ ማታ ግን ታክሲው ውስጥ ይደገማል። ዛሬ ዛሬ በየዩቲዩቡ «የቁስልህን ሥር ፈልግ፣ ወደ ልጅነትህ ተመለስ» የሚለው ምክር ደግሞ፣ ለአንዳንዱ ሰው ቢጠቅምም፣ ለሚያብሰለስል ሰው አደገኛ ግብዣ ይመስለኛል። ሥር ፍለጋው ራሱ ሌላ ዙር ማብሰልሰል ይሆንለታል፤ ያውም አሁን «ራሴን እያከምኩ ነው» የሚል ፈቃድ አግኝቶ።

«ተወው፣ አታስበው» የሚለውም አይሠራም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነር በ1987 ሰዎችን ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡ ግን ደወል እንዲመቱ አዘዛቸው። ደወሉ ይመታ ነበር። ከዚያ «አሁን ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች የበለጠ ድቡን አሰቡት። «ያለውን ያህል አውጣው፣ ይውጣልህ» የሚለው ምክርም ተፈትኗል። ሌላው ተመራማሪ ብራድ ቡሽማን በ2002 ባወጣው ጥናት 600 የኮሌጅ ተማሪዎች በጻፉት ነገር ተሰድበው እንዲናደዱ ተደረገ። አንዱ ክፍል የሰደባቸውን ሰው እያሰበ የቦክስ መለማመጃ ጆንያ እንዲመታ፣ አንዱ ስለ ሰውነት ማጠንከር እያሰበ እንዲመታ፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ሆነ። ሰውየውን እያሰቡ የመቱት ከሁሉም የበለጠ ተናደው ተገኙ። ዝም ብሎ መቀመጥ ይሻል ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቡናችን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አማንዳ ሮዝ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2002 በተማሪዎች ላይ ባደረገችው ጥናት፣ ችግራቸውን ከጓደኛ ጋር ደጋግመው የሚያነሱና የሚጥሉ ልጆች ጓደኝነታቸው የጠበቀ ሆኖ አገኘችው፤ ድባቴና ጭንቀታቸውም እንዲሁ ከፍ ያለ ነበር። ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ነው ጉዱ። ከረከቦቱ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። በአቦሉ አንዷ ባለቤቷ ወይም አማቷ ያደረሱባትን ትናገራለች። «እሱ እኮ ድሮም እንዲህ ነው!» ትላለች ጎረቤቷ። በቶናው ጎረቤቷ የራሷን ትጨምራለች፤ «የኔው ምን እንዳለኝ ልንገርሽ?» በረካው ሲደርስ ሰውየው ተፈርዶበታል፣ ሁሉም ተስማምተዋል፣ ተናጋሪዋ ግን ከመጣችበት የበለጠ ልቧ ነዶ ትመለሳለች። ነገ በዚያው ሰዓት ያው ይደገማል። በአረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ማታ ክፍሏን ዘግታ በኢሞ የምትልከውና የምትቀበለው ረጅም የድምፅ መልእክትም አንዳንዴ ይኸው ነው፤ ሌላ የምታወራበት ሰዓት ስለሌላት ደግሞ ልማዱ በዚያች ሰዓት ላይ ይተከላል።

ይህን ስል ቡናውን ልከስ አይደለም። ብቻዋን የቀረች ሴት ከዚህ የባሰ ላይ ናት። ልዩነቱ ያለው በሚጠየቀው ጥያቄ ላይ ነው። በዚያው ረከቦት ዙሪያ አንዲት እናት «እሺ፣ እሱ ይህን ሲልሽ አንቺ ምን አልሽው? ነገስ ምን ልታደርጊ አሰብሽ? አማትሽን ላናግራት?» ስትል ወሬው መልኩን ይለውጣል። «ለምን እንዲህ ሆነብኝ?» የሚለው ጥያቄ መጨረሻ የለውም፤ «መቼ፣ የት፣ ምን አለ፣ ቀጥሎስ?» የሚሉት ግን መልስ አላቸው።

የዋትኪንስ ሕክምና የቆመው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። በ2011 ባሳተመው ሙከራ መድኃኒት እየወሰዱም ድባቴው ያልለቀቃቸውን 42 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንዱ ክፍል የተለመደውን ሕክምና ብቻ ቀጠለ፤ ሁለተኛው ማብሰልሰልን ዒላማ ያደረገ የንግግር ሕክምና ተጨመረለት። በመጨረሻ ከመጀመሪያው ክፍል 21 በመቶው፣ ከሁለተኛው 62 በመቶው ከድባቴው ወጡ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በ42 ሰው ብዙ መማል አይቻልም። ሕክምናው የሚያደርገው ግን ግልጽ ነው። ሰውየውን «በጎ በጎውን አስብ» አይለውም። መጀመሪያ ማብሰልሰሉ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን ቀጥሎ እንደሚጀምር እንዲመዘግብ ያደርገዋል። ቀጥሎ በዚያ ቦታ ላይ ሌላ ተግባር ይተክላል፤ ጥያቄውንም ከ«ለምን» ወደ «እንዴት» ያወርዳል።

ለሒሳብ ሠራተኛው ይህ ምን ማለት ነው? ለጥቂት ቀናት በትንሽ ወረቀት ቢመዘግብ ሦስት ቦታ ያገኛል፤ የታክሲው መስኮት፣ ከእራት በኋላ ስልክ ይዞ ሶፋ ላይ መጋደም፣ ሌሊት 9 ሰዓት። በሦስቱም ላይ በአንድ ቀን መዝመት አያስፈልግም። ታክሲውን ይምረጥ። «የአለቃዬ ፊት ሲመጣብኝ፣ ነገ የምጠይቀውን አንድ ጥያቄ በስልኬ ጽፌ እህቴ ጋ እደውላለሁ» ብሎ አስቀድሞ ይወስን። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 ባወጣው ሰፊ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ተብሎ ከቦታና ከሰዓት ጋር የታሰረ ውሳኔ «ከእንግዲህ እበረታለሁ» ከሚለው ውሳኔ ይልቅ ይፈጸማል። ምክንያቱም ያ ሰዓት ሲደርስ ሰውየው ደክሞታል፣ ተከፍቷል፤ መምረጥ የሚችልበት ሰዓት አይደለም። ተግባሩም በዚያው ቦታ የሚቻልና ልብ የሚይዝ መሆን አለበት። ጥያቄውን መጻፍ የሚያስፈልገው ማብሰልሰሉ ሲሸሸው የነበረውን የጠዋቱን እርምጃ ስለሚያቀርበው ነው። ስልክ ላይ ቪዲዮ ማገላበጥ ግን ልብ አይይዝም፤ እጅ ብቻ ነው የሚይዘው።

ዘዴው አዲስ እንዳይመስለን፣ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኢቫግሪዮስ ያንኑ በሌላ ቋንቋ ሠርቶታል። መነኩሴን የሚፈትኑ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ዘርዝሯል፤ ሐዘን፣ ቁጣና መሰላቸት ከነዚሁ ናቸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓይነት ሐሳብ የሚመለስ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል አዘጋጀ፤ ጥቅሶቹ ተደምረው ወደ 500 ይጠጋሉ። ሐሳቡ ሲመጣ መነኩሴው ከሐሳቡ ጋር ክርክር አይገጥምም፣ መልስም ሲፈልግ አይጨነቅም፤ የተዘጋጀውን ይናገራል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። በበረሃው መነኮሳት ዘንድ ያ ሥራ ብዙ ጊዜ ሰሌን መታታት ነበር። በሰዓታት የተከፋፈለ ጸሎት ያለው ሰው ዛሬም ይህ መሣሪያ በእጁ አለ፤ ጸሎቱን የብሶቱ መተረኪያ ካላደረገው።

ጊዜ ይወስዳል። ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊ በለንደን 96 ሰዎችን ተከታትላ በ2010 እንዳወጣችው፣ አዲስ ተግባር ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ብዙም አልጎዳቸውም። እነዚያ ሰዎች የተለማመዱት ውኃ መጠጣትን፣ ከምግብ በኋላ መራመድን የመሰለ ነገር ነው፤ የልብ ልማድ ከዚያ ይቀላል ብዬ አልጠብቅም።

ከሁሉ በላይ ሰውን የሚሰብረው ግን ርዝመቱ አይደለም፤ «ተሻለኝ» ካለ በኋላ መመለሱ ነው። ለዚህ መልስ ያለው በእንስሳት ላይ በተደረገ ሥራ ነው። በውሾች ላይ ባደረገው ሙከራ የሚታወቀው ተመራማሪ ፓቭሎቭ እንዳየው፣ ደወል ሲሰማ ምራቁ የሚመጣ ውሻ ደወሉ ያለ ምግብ ሲደጋገም ምራቁ ይቆማል፤ ከእረፍት በኋላ ግን እንደገና ብቅ ይላል። የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲው ማርክ ቡተን ለብዙ ዓመታት ባደረጋቸው ሙከራዎች እንዳሳየው አሮጌው ትምህርት አይጠፋም፤ አዲሱ በላዩ ይጨመራል፣ አዲሱ ደግሞ ከተማረበት ቦታ ጋር ይበልጥ የተጣበቀ ነው። አዲስ አበባ ስድስት ወር ሰላም ያገኘች ልጅ ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ወላጆቿ ቤት ስትገባ፣ በመጀመሪያው ሌሊት አሮጌው ምሬት ከነሙሉ ድምፁ ቢጠብቃት ድካሟ ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም። አዲሱን ልማድ በዚያ ቤት ገና አልተለማመደችውም። ከመሄዷ በፊት «እዚያ ሳሎን ውስጥ ሲጀምረኝ ምን አደርጋለሁ?» ብላ ብትወስን ይረዳታል። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ኖሮ አገሩን ለማየት ለሚመጣውም ያው ነው።

አንድ ነገር ግን መቀላቀል የለበትም። የሚያብሰለስል ሁሉ የልማድ ምርኮኛ ብቻ አይደለም። ኖለን-ሆክሴማ ከባልደረቦቿ ጋር በ1999 ባወጣችው ጥናት ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ የሚያብሰለስሉት ለምን እንደሆነ ስትፈልግ፣ የማያልቅ የኑሮ ጫናና «ልለውጠው አልችልም» የሚል ስሜት ከማብሰልሰሉ ጋር ተያይዘው አገኘቻቸው፤ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ከቀዬው የተፈናቀለን ሰው፣ የቤት ኪራይ የጨመረባትን እናት «ልማድሽን ቀይሪ» ብሎ መምከር ስድብ ነው። እዚያ ላይ የሚረዳው ችግሩን ራሱን መንካት ነው።

ዚምባብዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ በሐራሬ የጤና ተቋማት ግቢ ውስጥ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀመጣቸው እናቶች ይህን ነው የሚያደርጉት። ሐኪሞች አይደሉም፤ ሥልጠና የተሰጣቸው የሰፈር አሮጊቶች ናቸው። የመጣውን ሰው ያዳምጣሉ፣ ችግሮቹን ያስቆጥሩታል፣ ከመካከላቸው አንዱን እንዲመርጥ ያደርጉታል፤ ለዚያ አንድ ችግር እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚደረግ አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል። በ24 ጤና ተቋማትና በ573 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2016 የታተመው ሙከራ እንደሚያሳየው፣ ከስድስት ወር በኋላ ከአግዳሚው ወንበር ከተጠቀሙት 14 በመቶ ያህሉ፣ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ግን ግማሽ ያህሉ የድባቴ ምልክት ነበረባቸው።

እኛ ዘንድ አግዳሚ ወንበሩ ባይኖርም የሚያዳምጥ አሮጊት አልጠፋም። መከፋቱ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳ፣ ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ነገሩ ከጎረቤት አልፏል፤ ያኔ የሚኬደው ጤና ጣቢያ ነው፣ የሚሄደውም ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር።